መጀመሪያ ማጥበቅ

«ቶሎ ክተተው፤ እሱ እንዳያይህ።»

ማዘንጊያ ይህን የሰማው ከግቢው ጥግ፣ ከተሰጣ አንሶላ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ጢሙን ሲላጭ ነው። የተናገረችው ሚስቱ የኔነሽ ናት። አንሶላው ከነውኃው ስለተሰጣ ነፋስ አያነሣውም፤ ከታች በኩል ግን እግር ያሳያል። የሚስቱ ሰማያዊ ሸበጥ አለ፤ ከሸበጡ ፊት ለፊት ደግሞ የወንድሟ የሀብተሚካኤል ቡናማ ጫማ፣ አፍንጫው ብረት የሆነ፣ መሐንዲሶች የሚያደርጉት ዓይነት። ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ወዲያው ማር ማር የሚል ሽታ መጣ። ማዘንጊያ ምላጩን ከጉንጩ ሳያነሣ ደርቆ ቀረ። ያን ሽታ ተኝቶም አይስተውም። ጧፍ ነው። የእሱ ጧፍ።

የእሱ ሲባል እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ነው። የኔነሽ ቅዳሴ ሲያልቅ ዲያቆኑን እየለመነች፣ ነዶ የተረፈውን ጉማጅ እየለቀመች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለታለች። ሱቅ የሚሸጠው ሻማ አይሆንም፤ ሲሞቅ እንደ ውኃ ፈስሶ ይጠፋል። ንጹሕ የንብ ሰም ግን የጋለ ብረት ሲነካ ይቀልጥና ፀጉር የማያስገባ ስንጥቅ ፈልጎ በብሎኑ ጥርስ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል። የፍሬን ዘይት ከነጭ ጋዝ ጋር ሦስት ቀን ተኝቶበት ያልደፈረውን ዝገት ሰም ይደፍረዋል። ካርቱም ውስጥ ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ማዘንጊያ። የሱዳኖቹ ጋራዥ ውስጥ የዛገ ብሎን እንቢ ሲል «ሐበሻውን ጥሩት» ይባላል። ይመጣል፣ ዞር በሉ ይላል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ያወጣል፣ ይሄዳል። ሌላ ነገር የለውም። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ የራሴ የሚለው ጋራዥ የለው፣ ልጅ የለው። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖሮ ያፈራው ይህችን ብቻ ነው። እሷንም ሚስቱ በጋዜጣ ጠቅልላ ለወንድሟ ሰጠችው።

ፊቱን ታጥቦ ሲገባ የኔነሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፉል ትፈጫለች። ዴም ሰፈር የሚከራዩት ክፍል አንድ ነው፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የውኃው በርሜልና ማራገቢያው ተዛዝለው ነው የሚያድሩት። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ጠባብ መኝታ የሀብተሚካኤል ናት። አልጋው ተነጥፏል። ልጁ አልጋ ሲያነጥፍ እንኳ እንከን አይወጣለትም፤ ይህም ያናድዳል።

«ሀብቴ ወጣ እንዴ?»

«ወጣ።»

«ዛሬ ጁምዓ አይደል? ምን ሥራ አለ?»

«የመኪናውን በር ዛሬ ካላነሣ ሰውዬው ይቆጣል አለ።» ዓይኗን ከፉሉ አላነሣችም።

«ምን ይዞ ሄደ?»

«ምን ይይዛል? መሣሪያውን ነዋ።»

የሰሊጥ ዘይቱን አፈሰሰችለት፤ ከሌላው ቀን አብዝታ ነው ያፈሰሰችው። እሱም ዘይቱ መብዛቱን አየ፤ እሷም እንዳየ አየች። ጎረቤት የውኃ መሳቢያው ተነሥቶ ጮኸ፣ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ ሰፈር የሚኖር በሽር የሚባል ባለጸጋ ከአባቱ የወረሰው የስልሳ ሦስት ሞዴል መርሰዲስ አለው። መኪናው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጀሪፍ፣ ወንዙ አጠገብ ባለ ግቢ ቆሞ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። በሽር አሁን ሊያስነሣው፣ እንደ ድሮው ሊያደርገው ፈለገ፤ ሥራውንም ለሀብተሚካኤል ሰጠው። ሌሎች ሁለት አሮጌ መኪኖችም አሉት። «በሮቹን ሳትቆርጥ፣ አንድ ነገር ሳታበላሽ ካወረድክ የሁለቱም ሥራ ያንተ ነው፤ ከጓሮ ያለውን ቆርቆሮ መጋዘንም ጋራዥ አድርገው» ብሎታል። ሀብተሚካኤል ይህን ያወራ ዕለት ግቢው በሙሉ እልል አለ። የኔነሽ አለቀሰች። ማዘንጊያ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለና ሽንት ቤት ገብቶ፣ ምንም ሳይሸና፣ በጨለማው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆመ። የመፍቻ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ልጁ ከመተማ በፌስታል አንድ ሱሪ ይዞ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አሁን በሽር «ባሽሙሐንዲስ» ይለዋል፤ ዋና መሐንዲስ እንደማለት። ሱዳን ውስጥ እንግዲህ ይህ ስም ለማንም ይባላል፤ ካርድ ለሚሸጠውም ይባላል። ለማዘንጊያ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተብሎለት አያውቅም።

ፉሉን በልቶ ሳይጨርስ ድንገት ሳቁ መጣ። የኔነሽ ቀና ብላ አየችው። ሳቁን በሳል ለወጠው። ትዝ ያለው ነገር ነበር፦ ሚስቱ የምታውቀው ሰሙን ብቻ ነው። ሰሙ ከገባ በኋላ ያለችውን አንዲት ነገር ለማንም፣ ለእሷም ቢሆን፣ ተናግሮ አያውቅም። የዛገ ብሎን ልፈታህ ሲሉት ይታነቃል። መጀመሪያ ማጥበቅ ነው። አንድ ፀጉር ያህል፣ ሊፈታ ወደማይችልበት አቅጣጫ፣ «ጢቅ» የምትል ድምፅ እስክትሰማ። ዝገቱ የሚሰበረው ያኔ ነው። ጀርባውን ለሰው ሲሰጥ የኖረው ጧፉን ለመደበቅ ብቻ አልነበረም፤ እጁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚዞር እንዳይታይ ነው። ሀብተሚካኤል እንግዲህ ሰሙን ይዞ ሄዷል፤ ይሞክራል፤ ይገትራል፤ ይበጥሳል። ማዘንጊያ እጁን ታጠበና ንጹሑን ሸሚዙን ለበሰ።

«ወዴት ነው?»

«ነፋስ ልቀበል።»

በዚህ ሐሩር? አላለችም። ልትል ግን ከንፈሯን ከፍታ ነበር።

ሃፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ጁምዓ ስለሆነ ባዶውን ነበር፤ ረዳቱ ታሪፍ ጨምረናል ብሎ ከአንዲት ሴት ጋር ይነታረካል። ማዘንጊያ የጠየቀውን ሰጠው። ዛሬ ቢጠይቀው እጥፍም ይከፍል ነበር፤ ሰው ኳስ ለማየት ይከፍል የለ? ሪያድ ሲደርስ ረክሻ፣ ያን ባለሦስት እግሩን ባጃጅ፣ ሳይዝ በእግሩ ሄደ። ቤቶቹ ሁሉ በግንብ ታጥረዋል፤ ከየበሩ ጀርባ ጀነሬተር ይንጎራጎራል። የበሽርን በር አንኳኳ። የከፈተችለት ሙላቷ የምትባል ሐበሻ ሠራተኛ ናት፤ እጇ ላይ ሳሙና አለ።

«አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

ማዘንጊያ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። «ሀብተሚካኤልን።»

«ውይ! የኢንጅነሩ አባት ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«አይ፣ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ነው» አለች፤ ጭራሽ አይመሳሰሉም።

መኪናው ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መስታወቱ ወርዷል፣ ወንበሩ ወጥቷል፣ ቀለሙ ተፍቆ እዚህም እዚያም ቀይ ዝገት አውጥቷል። የግራው በር ተከፍቶ በሣጥን ተደግፏል። በሽር በነጭ ጀለቢያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሀብተሚካኤል ማዘንጊያን ሲያይ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ጋሼ! እንኳን መጡ!» አለ፤ እጁ ግን ፈጥኖ ኪሱን ሸፈነ፤ ጋዜጣው ከኪሱ ብቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው ለበሽር «ይህ ኡስታዬ ነው፤ ሥራ ያስተማረኝ» አለው። በሽር ከስልኩ ቀና ሳይል «ማሻላህ፣ ለባሽሙሐንዲስም ኡስታ አለው!» ብሎ ሳቀ፤ «ለዐሙ፣ ለአጎትየው፣ ወንበር አምጡለት» ብሎም አዘዘ። ክብር ይሁን ቀልድ አይታወቅም። ማዘንጊያ ቀልድ ነው ብሎ ወሰደው። ተቀመጠ። ሻይ መጣለት።

በሩ በሁለት ማጠፊያ፣ ማጠፊያው በሦስት በሦስት ብሎን ነው የተያዘው። ሁለቱ ትናንት በዘይት ወጥተዋል፤ የቀሩት አራት ናቸው። ሀብተሚካኤል ጋዙን ለኩሶ የመጀመሪያውን ብሎን አሞቀ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠ። ማዘንጊያ ሻዩን ሊያስቀምጥ ነበር፤ አላስቀመጠም። ጀርባ አሰጣጡ የራሱ የማዘንጊያ ነበር፤ የግራውን ትከሻ ከፍ፣ ራስን ዘንበል። ከእሱ የሰረቀውን ከራሱ ሊደብቅ! የሰሙ ጭስ በትከሻው በኩል ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሀብተሚካኤል ባለኮከቡን ካቻቢቴ ብሎኑ ራስ ላይ ተክሎ፣ በካቻቢቴው ወገብ ቁልፍ አስገብቶ፣ በቀጥታ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ገተረ። ካቻቢቴው ዘለለ። ኮከቡ ተበላ። እንደገና አሞቀ፣ እንደገና ገተረ፣ በመዶሻ መታ፤ ከብዙ ድብደባ በኋላ በዕድል ይሁን በምን እየጮኸ ወጣ። ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«አንድ!» አለ፤ ዞሮ ፈገግ ብሎ።

«በርታ» አለው ማዘንጊያ።

ሁለተኛው ጭራሽ እንቢ አለ። ማዘንጊያ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፤ ሦስተኛውንም ሙላቷ ሳይጠይቃት አመጣችለት። «አጥብቀው» የምትል ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከሻዩ ስኳር ጋር ያላምጣታል። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ሻይ ከጠጣ ስንት ዘመኑ! የልጁ ክንድ ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ አዲሱ ጫማ አፈሩ ላይ ሲንሸራተት ያያል፤ በሽር ስልኩን ኪሱ ከትቶ ማየት መጀመሩን ያያል። ያ ከሁሉ ይበልጣል።

የጁምዓ አዛን ሲሰማ በሽር ተነሣ። «ስማ ባሽሙሐንዲስ፣ ልስገድ ነው። ስመለስ ይህ በር ካልወረደ ኸላስ፣ አለቀ፣ የመቁረጫ ማሽን ያላቸውን ሰዎች እጠራለሁ። አንተም ዕቃህን ትሰበስባለህ። የአባቴ መኪና ነው፤ መለማመጃ አይደለም።»

«ኢንሻላህ ይወርዳል» አለ ሀብተሚካኤል።

በሽር እንደወጣ ሀብተሚካኤል እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና ከማዘንጊያ ወንበር ፊት ቁጢጥ አለ። ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። አምስት የጧፍ ጉማጅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ የለችበትም፤ እኔ ነኝ ያስቸገርኳት። እርስዎን ልጠይቅ ፈርቼ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ልጠይቅዎት ማታ ማታ አጠገብዎ እቀመጥና አፌ ይያዛል።»

ማዘንጊያ ጉማጆቹን አየ። አንዷን በጣቱ ነካት።

«አንድ ነገር ጎድሎኛል» አለ ሀብተሚካኤል። «ሰሙ ገብቷል፤ ሲገባ አይቻለሁ። ግን አይዞርም። እርስዎ ሲያወጡ እንዲህ አይጮህም። ምን ላድርግ ጋሼ? ይኼ ሥራ ከሄደ እኮ ሌላ አይመጣልኝም።»

አንዲት ቃል ነበረች። ማዘንጊያ ዓይኑን ከልጁ ዓይን አንሥቶ ወደ መጋዘኑ ላከው። ሰፊ ነው፤ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ መብራትም ገብቶለታል።

«ምንም አልጎደለህም» አለ። «ኃይል ነው የጎደለህ። ጨምር።»

«ኃይል?»

«ጉልበት! ወጣት አይደለህ?»

«እሺ ጋሼ።»

እሺ ብሎ ሄደ፤ አመነው። አሞቀ፣ ሰሙን ነካ፣ በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ አስረዘመውና በሙሉ ደረቱ ተኛበት። «ቀጭ!» አለ። የብሎኑ ራስ ተቆርጦ እንደ ጥርስ አፈሩ ላይ ወደቀ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሙላቷ «ወይኔ ኢንጅነሩ!» ስትል ተሰማ። ሀብተሚካኤል የተቆረጠውን አነሣና በመኪናው ጎን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አላማረረም። ወደ ማዘንጊያም አላየም። ማዘንጊያ ሰዓቱን አየና በሽር እስኪመለስ ጠበቀ። ብቻውን ቢያወጣው ማን ያይለታል?

በሽር መጣ፤ አየ፤ ስልኩን አወጣ። ማዘንጊያ ያን ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት በለመደው ጥርት ያለ ዓረብኛ «አትደውል። ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለው። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ለሀብተሚካኤል «ስጠኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ጧፉን፣ ጋዙን፣ ካቻቢቴውን ተቀበለ። ዛሬ ጀርባውን አልሰጠም። ዛሬ ይታይ! በሽር ይይ፣ ሙላቷ ትይ። ከቀሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን ጭስ እስኪጀምር ድረስ ብቻ አሞቀው፤ ቀይ ሳያደርግ። ሰሙን ነካው፤ ሰሙ ጠፋ። ደግሞ ነካው። እስኪበርድ ቆመ፤ ማንም እንዳይናገረው እጁን አነሣ። ከዚያ ካቻቢቴውን ተክሎ፣ እያዩት፣ ወደ ማጥበቂያው አዞረ። «ጢቅ።» ወዲያው ፈታው፤ በሁለት ጣት እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ ወጣ። ሌላውም እንዲሁ። ማጠፊያው ሲነሣ ራሱ የተቆረጠው ብሎን ትንሽ ብቅ ብሎ ቀርቷል፤ እሱንም በሚቆለፍ ጉጠት ያዘው፣ አሞቀው፣ ቀባው፣ አጠበቀው፣ «ጢቅ»፣ አወጣው። በሩ ወረደ። ቀዳዳዎቹ አንድ ጥርስ አልተነኩም።

ሙላቷ አጨበጨበች። በሽር የተቆረጠውን ብሎን በመዳፉ ይዞ ገለባበጠው።

«ይህን አሠራር ከድሮ ነው የምታውቀው?»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ» አለ ማዘንጊያ፤ ደረቱ ተነፍቶ።

«ከጠዋት ጀምሮም እዚህ ነበርክ።»

«አዎ።»

ይህንንም በኩራት ነው የመለሰው። የበሽር ፊት ሳይለወጥ ሲቆይ ነው ምን እንዳመነ የገባው። በሽር ወንበሩን አየ፤ ከወንበሩ ሥር የተደረደሩትን ሦስት ባዶ ብርጭቆዎች አየ። «ቤቴ ተቀምጠህ ሻዬን እየጠጣህ…» አለና ተወው።

«ማዕሌሽ ኡስታዝ፣ ይቅርታ» ሲል ሀብተሚካኤል መካከላቸው ገባ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ጥቀርሻ እየጠረገ። «እሱ ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በሽር ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸው። ሀብተሚካኤልን በክርኑ ይዞ ከመኪናው ኋላ ወሰደውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሀብተሚካኤል ዓረብኛ የመንገድ ነው፤ እንዲገባው ቃሉን እየለየ ነው የነገረው፤ ስለዚህም ማዘንጊያ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። «ሥራው ያንተ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ነገ ትወስዳለህ። ይህ ሰውዬ ግን ሁለተኛ በበሬ አይገባም።»

ሲመለሱ ሃፍላው ውስጥ ሀብተሚካኤል የሁለቱንም ከፈለ፤ የመስኮቱንም ቦታ ለቀቀለት። ማዘንጊያ ይጠብቅ ነበር። ቢሰድበው መልስ አዘጋጅቷል፤ ፌስታሉን ያነሣል፣ መፍቻውን ያነሣል፣ ሰባት ዓመት የበላውን እንጀራ ያነሣል። ልጁ አልሰደበውም። ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጥቀርሻው የማዘንጊያን ንጹሕ ሸሚዝ ነካው።

የኔነሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አብረው ሲመጡ ስታይ መጀመሪያ ደነገጠች፤ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ሀብተሚካኤል ጫማውን ሳያወልቅ መናገር ጀመረ።

«ጋሼ ባይመጡ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር እትዬ! የብሎኑን ራስ በጠስኩት፤ ሰውዬው በሩን ሊያስቆርጥ ስልክ አወጣ፤ ጋሼ ብድግ አሉና በግማሽ ሰዓት፣ በሁለት ጣት! በሽር አፉን ከፍቶ ቀረ።»

«እውነትህን ነው?» የኔነሽ ወደ ባሏ ዞረች። ፊቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ነገር ሲወርድ ታየ። «ማዜ! እኔ እኮ…» አለች፤ አልጨረሰችውም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሥራውን ሰጠን» አለ ሀብተሚካኤል። «መጋዘኑንም። ኡስታህን ይዘህ ና፣ ሁለታችሁም ከነገ ጀምሩ ነው ያለው።»

ይህን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ማዘንጊያ ውሸቱን ከነአካሉ አየው፤ ልክ እንደ ዕቃ፣ መካከላቸው ወለሉ ላይ የተቀመጠ። ገፍቶ ሊሰብረው ይችላል። «ውሸቱን ነው፤ ሰውዬው አባሮኛል፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት» ብሎ መናገር ይችላል። አፉንም ከፍቷል። የኔነሽ የሁለቱንም እጅ ይዛ ትስቃለች፤ በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ስትስቅ ያያት ስንት ጊዜ እንደሆነ በአንድ እጁ ጣት ቢቆጥረው አይሞላም። ያሳቃትም እሱ አይደለም። ሀብተሚካኤልን ሲጠላው ኖሯል፤ በጫማው ጠልቶታል፣ በስሙ ጠልቶታል፣ ባነጠፈው አልጋ ጠልቶታል፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ጠልቶት አያውቅም።

«ታዲያ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» አለች የኔነሽ። «ምሳ ልቋጥርላችሁ።»

ሀብተሚካኤል ቀና ብሎ ማዘንጊያን አየ። መልሱን ለእሱ ተወለት።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አለ ማዘንጊያ። «ለሁለት ሰው ቋጥሪ።»